ሁለት ጊዜ የሚነጋበት አገር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ከሬዲዮ ፕሮግራሜ ስወጣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ግን እሱ አንቺ ይለኛል፣ እኔ እርስዎ እለዋለሁ። ወንበር የሚያመጣው ነገር ነው። የጠዋቱ ፕሮግራማችን በአገራችን የፀሐይ መግቢያ ጠረፍ ካለው ጣቢያ ጋር ሊዋሃድ ነው አለኝ። እኔ ከዚህ፣ የእነሱ አቅራቢ ከዚያ ሆነን አንድ ላይ እናቀርባለን። ወቅቱ እስኪወጣ ሙከራ ነው። ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዳችን ብቻ እንቀጥላለን።

«ከሁለት አንዳችሁ» ሲል ጠረጴዛውን እንጂ እኔን አላየም።

ይህቺን ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ የቀሰቀስኳት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የድንበሩ ድልድይ በር ሲከፈት፣ «በሩ ተከፍቷል! ምን ትጠብቃላችሁ?» እላለሁ። ተሸካሚው ገመዱን ትከሻው ላይ ይጥላል፣ ልብስ ሰፊው መዝጊያውን ይገፋል፣ ወንዙን ተሻግረው የሚሠሩት ሴቶች ፀጉራቸውን እያሰሩ ይሮጣሉ። በእኔ ድምፅ የማይነሳ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ካለ ወይ ጆሮው አይሰማም ወይ እንግዳ ነው። እንግዲህ ይምጡ፣ እንተያያለን።

እማዬ ወሬውን ስነግራት ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ። ከእኛ በሁለት ሰዓት ይዘገያል አልኳት።

«ታዲያ ተኝተዋል እኮ።»



ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የመጀመሪያው ቀን። የሰውዬው ድምፅ ጥሩ ነው፤ አልክድም። ወፍራም ነው፣ ሙቀት አለው። ግን ይዘገያል! እጠይቀዋለሁ፣ ዝም ይላል። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ወደ ቴክኒሻናችን ወደ ሽቦ አያለሁ (ሽቦ ያልነው ቅጥነቱን አይተን ነው)፤ ሽቦ ትከሻውን ይሰብቃል። ይኼኔ ሰውዬው «እንግዲህ...» ብሎ ይጀምራል። ሬዲዮ ላይ ዝም ማለት ቧንቧ ከፍቶ እንደመሄድ ነው፤ አድማጭ ይፈስሳል። ስም አወጣሁለት፤ ቀሰስተኛው።

ሌላም አለ። «በሩ ተከፍቷል! ምን ትጠብቃላችሁ?» ብዬ ገና ሳልተነፍስ፣ «እዚህ ግን ገና ነው፤ ተኙ» አለ። ከሃያ ዓመት በላይ የደከምኩበትን ቃል ውኃ ቸለሰበት።

ከፕሮግራሙ በኋላ ደወለ። «እህቴ፣ እንደምን አደሩ?»

«አድረን ሥራም ጨርሰናል።»

«እኛ ደግሞ ገና እያደርን ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሽቦ ግን ሳቀ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ቸኩያለሁ። ከፀሐይ መግቢያ መልእክት መምጣት ጀምሯል። አንዱ፦ «ድምፅዎ በጣም ደስ ይላል፤ ግድግዳ ያልፋል።» ሌላዋ፦ «ልጆቼ ከእርስዎ ጋር ይነሳሉ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።» ለእማዬ አነበብኩላት።

«ይሄ ሙገሳ ነው?»

ሌላ ምን ሊሆን ነው?

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ዛሬ እረፍት ስለሆነ በደንብ እጽፋለሁ። ቀሰስተኛው በየቀኑ መደወል ጀምሯል። ለሥራ ነው። ስለ ከተማው ይነግረኛል፣ ስለ ከተማዬ እነግረዋለሁ፤ ማወዳደሩ ግን የእኔ ድርሻ ነው።

እኛ ጋ ሰው ሰላም የሚባባለው እየሄደ ነው። «ደህና ነህ?» ብለህ መልሱን የምትሰማው ከጀርባህ ነው። እነሱ ጋ ሰላምታ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚስት፣ የልጅ፣ የአማት ጤና ተጠይቆ መጨረሻ ላይ የመኪናው ጤና ይጠየቃል። እኛ ጋ የማይሆን ነገር «አይሆንም» ይባላል። እነሱ ጋ «እናያለን» ይባላል፤ ማንም አያይም። እኛ ጋ ሱቁ ጎህ ሲቀድ ተከፍቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋል፤ ነጋዴው ዋጋውን በአንድ ትንፋሽ ነግሮህ ካልወደድከው ወደሚቀጥለው ሰው ይዞራል። እነሱ ጋ ረፋድ ላይ ይከፈታል፤ ምሽቱ ግን አያልቅም። ሰው ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ዋናው መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። የት እየሄደ ነው? የትም። «ታዲያ ምን ይሠራሉ?» ብለው «ይሄዳሉ» አለኝ።

ልዩነቱ ከድንበሩ የመጣ ነው ይላል። የእኛ ድንበር ወንዝ ነው፤ ድልድዩ ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል፣ የቀደመ ያገኛል። የእነሱ ተራራ ነው፤ ጉም ሲወርድ በሩ ሁለት ቀንም ሦስት ቀንም ተዘግቶ ይውላል፣ የጭነት መኪና ሹፌሮች ጋቢናቸው ውስጥ እየተኙ ይጠብቃሉ። የቀደመውም የዘገየውም እኩል ይቆማል። መጠበቅ ሙያቸው ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ።

«እግር እስኪያወጣ እኛ ሸጠነዋል» አልኩት። በዚህ ብዙ ሳቀ።

እንግዲህ ጠዋትን ማን መምራት እንዳለበት የሚያከራክር አይደለም። ጠዋት የሚጀምረው ከእኛ ነው፤ ፀሐይ ራሷ ታውቀዋለች። ሥራ አስኪያጁም ሳያውቀው አይቀርም።

ሳቁ ረጅም ነው። ለሬዲዮ አይሆንም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ስልኩ አላርፍ ብሏል። ተራራው ላይ ሦስት ቀን ጉም ነበር፤ ሹፌሮቹ ተሰልፈው፣ ሬዲዮ ከፍተው ይጠብቁ ነበር። እንደ ሁልጊዜዬ በሩ ተከፍቷል አልኩ። የእኛን በር ነው። እነሱ ጋ ገና ሌሊት አሥር ሰዓት ነው፣ ድቅድቅ ጨለማ። አንዱ ሹፌር ጉሙ ተገፎ በሩ የተከፈተ መስሎት ሞተሩን አስነሳ። ሌሎቹ ተከተሉት። መንገዱ ጠባብ ነው። መኪናው ቦይ ገባ። እግሩ ተሰበረ።

እኔ ምን አገባኝ? ይህንኑ ቃል ስል ነው የኖርኩት። «እዚህ ገና ነው» የሚለው ቀሰስተኛው ነበር፤ ዛሬ ሳይል ቀረ።

እግሩ ብቻ ነው። ይድናል ብለዋል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ቀሰስተኛው ፕሮግራሙ ሲጀምር፣ ሳላስበው፣ «ትናንት በበራችን ላይ ለደረሰው ነገር ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ገና ነው ማለት ነበረብኝ፣ ዘገየሁ» አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ትክክለኛ ሰው እንዲህ ነው፤ የራሱን ጥፋት ለሰው አያሸክምም።

ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎታል። እማዬ ግን ምሳ ላይ፣ «ምን ሆኖ ነው የዘገየው?» አለችኝ።

«ልማዱ ነው።»

«ሌላ ቀን ይደርስ የለም እንዴ?»

የሴትዮዋ ጆሮ በዚህ ዕድሜዋ እንዴት እንዲህ ይሰማል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

የጣቢያውን መግለጫ እኔ አነበብኩ። «የተራራው በር ተከፍቷል የሚል ማስታወቂያ በጣቢያችን አልተላለፈም።» ቃል በቃል እውነት ነው። የተራራው አላልኩም። ጥሩ አድርጌ ነው ያነበብኩት፤ ሥራ አስኪያጁም አመሰገነኝ።

ስወጣ ሽቦ ኮሪደሩ ላይ ለሒሳብ ሠራተኛዋ ሲያወራ ሰማሁት። «እኔ ምን ላድርግ? እጇን አነሳች፣ ሙዚቃ አስገባሁ።» ስደርስ ወሬ ቀየሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን አንዳንዴ ቤተኛ ይሆናል።

ሙዚቃ እንዲገባ እጄን የማነሳው ሁልጊዜ ነው። እጅ ማንሳት ወንጀል ነው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ አሥር ሰዓት ላይ ለሚነሳ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ቀሰስተኛው አሁንም ይደውላል። ስለዚያ ቀን አንድም ነገር አላነሳም። ዛሬ ስለ ሹፌሩ ጠየቅሁት፤ እንዲሁ፣ ለወጉ ያህል።

«ደህና ነው» አለና እንደ ልማዱ ቆየ። «ብቻ ይስቁበታል።»

«ምን ብለው?»

«መግለጫው ማስታወቂያ አልነበረም አለ። እኔም ዘገየሁ አልኩ እንጂ ምን እንደተባለ አልተናገርኩም። ስለዚህ ሕልም አይቶ ነው የተነሳው ይላሉ። የተከተሉትም እሱን አይተን ነው አሉ። ንጋት ብለው ስም አውጥተውለታል።»

ይህን ለእማዬ ሳልነግራት ነገርኳት። ማለቴ፣ ላልነግራት ወስኜ ነበር። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ብላ መነጽሯን ፈለገች። መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነበር።

እሱ «እዚህ ግን» ብሎ ነበር። ሁለቱን ቃል ሰምቻለሁ። ሦስተኛውን አልሰማሁም፤ ሙዚቃው ገባ። በቃ፣ ያለው ይኼ ነው።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁን ከወዲያኛው ጣቢያ ሆኜ ሁለት ቀን ላቅርብ ብዬ ልጠይቀው ነው። አድማጭ ለመሳብ ጥሩ ሐሳብ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ፈቀደልኝ። አውቶቡሱ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ሁለቱንም ቀን አንኮራፋ። መናኸሪያው ላይ ቀሰስተኛው ጠበቀኝ። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። እጁን ዘርግቶ መጣ፤ ሰላምታው ረጅም ነው። እማዬን ጠየቀ፣ ሽቦን ጠየቀ፣ አውቶቡሱን ጠየቀ። እርስዎ ሲለኝ ሰለቸኝና፣ «አንቺ በለኝ፤ አሮጊት አታድርገኝ» አልኩት።

ስለ ከተማው የጻፍኩትን ላርም አይደለም። ሱቆቹ እውነትም ረፋድ ላይ ነው የሚከፈቱት። ግን የተከፈተ ሱቅ ውስጥ ገብተህ ሳትገዛ ብትወጣ ባለሱቁ እስከ በሩ ይሸኝሃል። ከመናኸሪያው እስከ ተራራው ሥር የጭነት መኪና ተሰልፏል፤ ሹፌሮቹ በጎማው ጥላ ሥር ተቀምጠው ካልሲ ይሰፋሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ አንዱ የሌላውን ፀጉር ይቆርጣል። የሚጮህ የለም። እኛ ጋ ይህ ሰልፍ ቢሆን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አምስት ሰው ይደባደባል።

ዛሬ ከእነሱ ስቱዲዮ አቀረብን። ጠባብ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ወደ ከተማው ነው። አሥር ሰዓት። ጨለማ። «በሩ ተከፍቷል» ልል አፌን ከፈትኩ። ከመስኮቱ ባሻገር አንድም መብራት አልነበረም። አልኩት፤ ግን በለሆሳስ ወጣ። ቀሰስተኛው አየኝና «እዚህ ግን ገና ነው፤ ተኙ» አለ፣ እንደ አባት። ይህን ያህል ቀን ድምፁን ሰምቼ እንደዚህ ዝቅ አድርጎ የሚናገረው ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ሰዎቹ እኮ ተኝተዋል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሹፌሩ ቤት ወሰደኝ። እኔ ነኝ ውሰደኝ ያልኩት።

ቤቱ ከአውራ ጎዳናው ዳር ነው። ሹፌሩ ጄሶ የታሰረ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ሻይ አመጣች። ቀሰስተኛው «የሥራ ባልደረባዬ ነች» አለ። ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላም አልኩ፤ በአንገቴ ብቻ። አፌን ብከፍት ያውቀኛል። አገር በሙሉ የሚያውቀው ድምፅ አለኝ ብዬ ስኮራ የኖርኩ ሴት፣ ሰው ቤት ገብቼ ድምፄን ደበቅሁ።

«ምነው አትናገርም?» አለ ሹፌሩ።

«ብርድ መትቷት ነው፤ ጉሮሮዋን» አለ ቀሰስተኛው።

ሚስቱ ተነስታ ሻዬ ውስጥ ማር ጨመረችልኝ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

በዚህ መሀል አንድ የጭነት መኪና በደጅ ሲያልፍ ጡሩንባውን ነፋና ነጂው በመስኮት «ንጋት! ነጋ ወይ?» ብሎ ጮኸ። እግሩ የታሰረው ሹፌር ወደ ግድግዳው ዞረ። «ሃያ ስምንት ዓመት ነድቻለሁ» አለ ለቀሰስተኛው። «ጉም አውቃለሁ። እንቅልፍም አውቃለሁ። አላለምኩም። ሴትዮዋ ተከፍቷል ብላለች፤ በጆሮዬ ነው የሰማኋት። እግሬስ ይድናል፣ ግን እንደ ቂል ሆኜ ሰልፍ ላይ እንዴት ነው የምቆመው?»

ሻዩን ጠጥቼ ጨረስኩት። ጣፋጭ ነበር።

ማታ ያንን የትም የማያደርሰውን መንገድ አብረን ወዲያ ወዲህ አልን። «ለምን የእኔ ጥፋት ነው አልክ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። በዚህ ጊዜ ጠበቅሁት።

«መዘግየቴ እኮ እውነት ነው» አለ።

 

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ። በሩን ራሱ ዘጋው። ምርጫው እኔ ነኝ! ጠዋቱ ከእኛ ከተማ ይቀርባል፣ በእኔ ድምፅ። አንድ ትንሽ ነገር ብቻ አለች አለ፤ የሹፌሮች ማኅበር አቤቱታ አስገብቷል፣ ሰኞ ከፕሮግራሙ መሰናበቻ በፊት የአደጋው ምክንያት የወዲያኛው አቅራቢ መዘንጋት እንደነበር አንብቤ ነገሩን እንድዘጋው ይፈልጋል።

«እሱ ራሱ አምኗል እኮ» አለ። «አንቺ የምትዪው አዲስ ነገር የለም።»

«እሱስ?»

«እናያለን።»

እዚህ ከተማ ውስጥ «እናያለን» የሚል ሰው አለ ለካ።

ደስ ሊለኝ ይገባል። ብሎኛልም። ከሥራ ስወጣ ለተሸካሚዎቹ ነገርኳቸው፤ አጨበጨቡልኝ። ልብስ ሰፊው «ድሮም ጠዋት የእኛ ነው!» አለ። አንገቴን ቀና አድርጌ እስከ ቤት ሄድኩ። እማዬ እንኳን ደስ ያለሽ አላለችም፤ «በላሽ?» ነው ያለችኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ለነገው የሚነበበውን ደጋግሜ ተለማመድኩ። ጥሩ ይነበባል። እኔ ካነበብኩት ሰው ያምነዋል፤ ችግሩም እሱ ነው።

ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም። እማዬም አታውቅበትም፤ በዘር የመጣ ነው። ስትበድለኝ እንቁላል ትጠብስልኛለች። ለአንድ ከተማ ሕዝብ እንቁላል መጥበስ አይቻልም።

እጄን ለምን አነሳሁ? እሱ ሲናገር ሰው የሚሰማው እሱን ስለሆነ ነው። ይኸው ጻፍኩት። ኩሩ ነኝ፣ አልክድም፣ አላፍርበትም። ግን በሰው እግርና በሰው ስም የሚቆም ኩራት የእኔ አይደለም። እንደዚያ ያለውን ሥራ አስኪያጁ ይልበሰው።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ተፈጸመ።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና በራሴ አፍ ተናገርኩ። «ጥቅምት ሃያ ስድስት ጠዋት በሩ ተከፍቷል ያልኩት እኔ ነኝ። የድልድዩን ማለቴ ነበር፤ የድልድዩን ግን አላልኩም። ባልደረባዬ አልዘገየም። እዚህ ግን ብሎ ሲጀምር እጄን አንስቼ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። እግሩ የተሰበረው ሹፌር አላለመም። በትክክል ነው የሰማው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርግልኝ።»

ከዚያ ዝም አልኩ። ሽቦ አፉን ከፍቶ አየኝ፤ ጣቱ ሙዚቃው ላይ ነበር። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሥራ አስኪያጁ ከመስተዋቱ ኋላ ቆሞ አንገቱ ቀልቷል።

ቀሰስተኛው እንደ ልማዱ ቆይቶ፣ በዚያ በወፍራም ድምፁ፣ «ከመስኮቴ እያየሁ ነው» አለ። «ገና ጨለማ ነው። ግን መብራት እየበራ ነው። አንዱ ቤት፣ አሁን ደግሞ ከሥሩ ያለው። እየተቀሰቀሱ ነው መሰለኝ።»

ከዚያ ስልኩ ጠራ። ሽቦ መስመሩን አገናኘው። ሹፌሩ ነበር።

«ድምፅሽ ያቺ ራሷ ናት» አለ። «እኔ ሕልም አላየሁም ብዬ ነበር።» ዘወር ብሎ ሰው የሚያናግር መሰለኝ፤ «ተነሺ፣ ልጆቹን ቀስቅሻቸው፣ ይስሙ» ይላል። ተመልሶ መጣና፣ «እህቴ፣ ያን ቀን በእንግድነት የመጣሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ጉሮሮሽ ዳነልሽ?»

«ዛሬ ዳነልኝ» አልኩት። አየር ላይ አልቅሼ አላውቅም። አሁንም አላለቀስኩም፤ ማለት የምችለው ይህንን ነው።

«በይ እንግዲህ» አለ። «እኔ ወደ ሰልፉ ስመለስ የሚስቅብኝ ካለ ጠቡ ከአንቺ ጋር ነው።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ውሳኔው ትናንት በወረቀት መጣ። ጠዋቱ ለፀሐይ መግቢያ ተሰጥቷል፤ ፕሮግራሙ በእነሱ ንጋት ይጀምራል፣ በእኛ ሁለት ሰዓት ላይ ማለት ነው። እኔ ወደ ማታው ክፍል ተዛውሬ የእህል ዋጋ አነባለሁ። ሽቦ ወረቀቱን ሰጥቶኝ ሲያበቃ እግሩን አይቶ ቆመ። «ያዘንክ እንደሆነ ሂድና አልቅስ፤ እኔ ሥራ አለኝ» አልኩት።

ቀሰስተኛው ደውሎ ወንበሩን አልቀበልም ሊል ነበር። አላስጨረስኩትም። በዚህ ብቻ አሁንም ማቋረጥ አልተውኩም። «ያሸነፍከኝ እንዳይመስልህ» አልኩት። «እኔ ነኝ የሰጠሁህ፤ የተሰጠህን በደንብ ያዝ።» ሳቀ፤ ያንን ረጅሙን ሳቅ። እስኪጨርስ ጠበቅሁት።

ዛሬ ጠዋት ከእማዬ ጋር መስኮቱ ላይ ቆመን ከተማው ያለ እኔ ሲነሳ አየን። ተነሳ፤ ትንሽ ዘገየ እንጂ። አንድ ተሸካሚ መስኮቱ ሥር ቆም ብሎ ወደ ላይ አየና ባርኔጣውን አንስቶልኝ ሮጠ። ቀኑን ሙሉ አንገቴ ቀና እንዳለ ነው የዋለው።

የዋጋ ዝርዝሩን ከቢሮ ይዤ መጥቻለሁ። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ባቄላ። እስከ ዛሬ የሚያነበው ልጅ እንደ ዕዳ ነው የሚያነበንበው። ሰኞ እኔ ሳነበው ይሰማሉ፤ ይህ አገር የባቄላን ዋጋ እንደኔ ያነበበለት ሰው ኖሮ አያውቅም።